ሰርተፍኬት ወሰዳችሁ፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሰርተፍኬት?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ አራት ኪሎ፣ የጀማሪ ፕሮግራሚንግ ኮርስ የጨረሱ ልጆች መድረክ ላይ የቆመውን አሰልጣኝ "ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ?" ብለው ጠየቁት። "ቀጣዩን ኮርስ ጀምሩ። ሰርተፍኬታችሁ በበዛ ቁጥር ቀጣሪ ያምናችኋል" አላቸው። አዳራሹም አጨበጨበ! እኔን ግን እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል።

እስቲ ራሳችሁን ቀጣሪ አድርጋችሁ አስቡት። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ከተጀመረ ወዲህ ያንን ወረቀት ያልያዘ ልጅ የትኛው ሰፈር አለ? ሲቪ ላይ አንድ መስመር ይሞላል፣ እሺ። አራተኛውስ ምን ሊፈይድ ነው? አራት ጊዜ የመንጃ ፈቃድ ቲዎሪ ተምሮ አንድም ቀን መሪ ላልጨበጠ ሰው ሚኒባሳችሁን ትሰጡታላችሁ?

የእናታችሁን ዕቁብ ጻፉ። አልቀለድኩም። ስም አለ፣ የሳምንት መዋጮ አለ፣ ዕጣ የደረሰው አለ። ሊስትና ሉፕ፣ ማለትም ዝርዝር መያዝና ሥራን መደጋገም፣ ተምራችሁ የለም እንዴ? ደብተሩን ተቀበሏትና ወደ ፕሮግራም ቀይሩት።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ይህንኑ ሲሠራ አይቻለሁ። ከደብተሩ ላይ የጷጉሜ 3ን መዋጮ ሊያስገባ 13ኛ ወር ብሎ ሲጽፍ የሚጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ቀይ በቀይ ሆነበት፤ ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ ነው አለው። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ላብ አጠመቀው። ጷጉሜ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ፣ ለምሳሌ በ2015፣ 6 ትሆናለች፤ በዚህ የተነሳ የእኛ መስከረም 1 በፈረንጆቹ አንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዴ 12 ላይ ያርፋል፣ እና ይህን ሁሉ የሚያሰላ ፈንክሽን (የፕሮግራም ክፍል) ራሱ መጻፍ ነበረበት። በመሃል ትናንት ይሠራ የነበረውን ዛሬ አበላሸው፣ ወደ ኋላ የሚመለስበት ቅጂ የለውም። የኮድ ለውጦችን ቅጂ እየያዘ ወደ ኋላ የሚመልሰው ጊት ለምን እንደሚያስፈልግ የገባው ያኔ ነው እንጂ ኮርሱ ላይ አይደለም፤ ኮርሱ ላይማ ጥያቄውን መልሶ አልፎታል። ሦስት ቀን ፈጀበት። በእነዚያ ሦስት ቀናት የተማረውን የሚያስተምር ቪዲዮ ካለ አምጡልኝ።

"ገና ጀማሪዎች ናቸው፣ ተስፋ ይቆርጣሉ" የሚሉ አሉ። ተስፋ የሚያስቆርጠውስ አምስተኛ ኮርስ ጨርሶ ባዶ ስክሪን ፊት ሲቀመጡ አንዲት መስመር መጻፍ ማቃት ነው!

ልጁ ጨርሶ ለእናቱ አሳያት። አየት አደረገችና "ያልከፈለው ሰውስ የቱ ጋ ነው የሚታየው?" አለችው። አልሠራውም ነበር። በማግስቱ አብርሆት ሲመጣ ቀጥሎ ምን ልሥራ ብሎ አልጠየቀኝም። ሰላምታዬንም በቅጡ ሳይመልስ ላፕቶፑን ከፍቶ አቀረቀረ።