ሙቀቱንም ብርዱንም ግድግዳው ይቻለው

በ1933 እ.ኤ.አ. ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ፓሪስ ውስጥ ለቤት አልባዎች ያሠራው መጠለያ ተከፈተ። ንድፉ የታዋቂው አርክቴክት የለ ኮርቡዚዬ ነው። ደቡብ የሚያየው ፊቱ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ሲሆን የሚከፈት መስኮት አልነበረውም። መጀመሪያ የታሰበው መስታወቱ ድርብ እንዲሆን፣ በመሀሉም በብርድ ወራት የሞቀ፣ በሙቀት ወራት የቀዘቀዘ አየር እንዲመላለስ ነበር። ገንዘብ አጠረ። ሁለተኛው መስታወትም ማቀዝቀዣውም ቀሩ፤ የታሸገው ነጠላ መስታወት ብቻ ቆመ። ሙቀቱ ሲመጣ ውስጥ ያሉት ታፈኑ። አርክቴክቱ ቢከራከርም የሚከፈቱ መስኮቶች ገቡ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የፀሐይ መከላከያ ተገጠመ።

ይህን የማነሣው፣ ያ ሕንፃ ገንዘብ አጥሮት የወደቀበትን ችግር እኛ አዲስ አበባ ላይ አቅደን እየገነባነው ስለሆነ ነው። ቦሌ ወይም ካዛንቺስ፣ ምዕራብ በሚያይ የመስታወት ፎቅ ላይ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። ከሰዓት መጋረጃ ዘግቶ፣ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርቶ ይቀመጣል። መብራት ከጠፋ ኤሲውም የለም። ሌሊት ያው መስታወት ሙቀቱን አሳልፎ ይሰጥና ጠዋት ካፖርት ያስለብሳል።

ሌላ መንገድ አለ። በ1967 እ.ኤ.አ. ኢንጂነሩ ፊሊክስ ትሮምብና አርክቴክቱ ዣክ ሚሼል ፈረንሳይ ውስጥ ኦዴዮ በተባለ ተራራማ ስፍራ የሙከራ ቤት ሠሩ። ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ጥቁር ተቀብቶ ከፊቱ መስታወት ተደረገለት። ፀሐይ ግድግዳውን ታሞቀዋለች፤ በመሀሉ የሞቀው አየር በላይኛው ቀዳዳ ወደ ቤት ሲገባ ቀዝቃዛው በታችኛው ይወጣል። ግድግዳው ያጠራቀመውን ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። ሞተር የለውም፤ በጀት ሲያጥር የሚቀነስ ነገርም የለውም።

ለእኛ ደግሞ ሰማዩ ራሱ ያግዛል። ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት በኅዳርና በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ በደንብ ይሞቃል። በሰኔ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምትሻገር ያው ግድግዳ ጥላ ውስጥ ይቆያል። በክረምቱ ደመና ብዙም አይረዳም፤ እሱን መደበቅ አልፈልግም። ግን የበጋውን ሌሊት ብቻ ቢያሞቅልን ትልቅ ነገር ነው።

ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ ከዙሪክ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ከአፈር ባለ ሁለት ወለል የሙከራ ቤት ሠርቶ አሳይቶናል። አሁን የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፦ ጎን ለጎን ሁለት ክፍሎች፣ አንዱ በመስታወት፣ ሌላው በእንዲህ ያለ ግድግዳ፤ በየክፍሉ ቴርሞሜትር፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በየቀኑ ይመዝገብ፣ ውጤቱም ለአልሚዎችና ግንባታ ለሚፈቅዱ ባለሙያዎች ይሰጥ።