የካሜራው ስም ይደበቅ ወይስ ይነገር? የዲጂታል ሬንጅፋይንደር ወዳጆች ክርክር

በዲጂታል ሬንጅፋይንደር (ሁለት ምስል እያገጣጠምን በእጅ ፎከስ የምናደርግበት ካሜራ) እያነሳን፣ ፎቶ እየተላላክን የምንተራረም ሰዎች ነን፣ ግማሹ አዲስ አበባ ግማሹ ዋሽንግተን ዙሪያ። ሰሞኑን አንድ ሀሳብ መጣ፦ ፎቶ ለትችት ሲቀርብ የካሜራውና የሌንሱ ስም ይጥፋ፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ዳታም ይሰረዝ፣ ሰው ያየውን ብቻ ይናገር። ሀሳቡን ያመጣችው ልጅ አዲስ አበባ ነው ያለችው። የተቃወሙት ደሞ በእድሜም በካሜራም የሚቀድሙን የሲልቨር ስፕሪንጉ ጋሼ ናቸው። ሁለቱም ይጻፉ ተባለ፣ ጻፉ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ይደበቅ

ጋሼ አስቀድሜ ይቅርታ ልበልና ልጀምር፣ ቅር የሚያሰኝ ነገር መናገሬ አይቀርም። እኛ ፎቶ አንተችም። ካሜራ ነው የምናሞግሰው። አንድ ሰው ፎቶ ይልካል፣ ስሩ ኤም 9 ከሰሚሉክስ 35 ጋር (የላይካ ኩባንያ ካሜራና ሌንስ ናቸው) ብሎ ይጽፋል፣ በቃ አለቀ፣ «ኡፍ ቀለሙ! የሲሲዲ ነገር!» መባል ይጀመራል፣ ሲሲዲ የሚሉት ኤም 9 ውስጥ ያለውን የሴንሰር ዓይነት ነው፣ ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረውን። ያ ቀለም እኮ የጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ነው፣ ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር በዛ ሰዓት በምንም ቢያነሱት ያምራል፣ ያንኑ ፎቶ በስልክ ነው ያነሳሁት ቢለን «ትንሽ ቢጫ አልበዛበትም?» ነበር የምንለው።

ምክንያቱስ? ፎከሱ ስቷል ሲባል ሬንጅፋይንደር ነዋ። ፎቶው ተጋድሟል፣ ያው ፍሬምላይን፣ ቪውፋይንደር (የምናይበት መስኮት) ውስጥ ያለው የፎቶው ድንበር መስመር፣ ግምት ነው። ጥጉ ላይ የማይፈለግ ክንድ ገብቷል፣ አሁንም ሬንጅፋይንደር ነዋ! ካሜራው ለጥፋቱም ለውበቱም መልስ ከሆነ ፎቶ አንሺው ምን ሰራ ታዲያ?

ደሞ የብር ነገር አለ፣ ማንም ስለማያነሳው እኔ ላንሳው። ኤም 11 በ2022 ሲወጣ 9,000 ዶላር አካባቢ ነበር። ያን ያህል ለከፈለ ሰው «ፎቶህ ይደብራል» የሚል ማነው? አሮጌ ፉጂ የያዘው ልጅ ደሞ አስተያየቱን ውጦ ይቀመጣል፣ ውሎ አድሮ ፎቶ መላኩንም ይተዋል።

ወጥ ጨው ከበዛበት በዛበት ነው ጋሼ፣ ድስቱ ሸክላ ይሁን ብረት ድስት ማጣራት አይጠበቅብንም።

ይነገር

እህቴ ቅር አላለኝም፣ ይልቅ ድስት ያነሳሽው ለኔ ነው የጠቀመኝ። ወጡ ያረረ ከሆነስ? የሚበላው ሰውዬ «አረረ» ብሎ እጁን ይታጠባል፣ መብቱ ነው። እኛ ግን በይ አይደለንም፣ ነገ እንዳያርር ልንነጋገር ነው የተሰበሰብነው፣ ድስቱ ስስ መሆኑን ካላወቅሽ ምክርሽ «እሳት ቀንሱ» ነው የሚሆነው፣ እሳቱ ልክ ሆኖ እያለ።

በስም ልሂድ። አንዱ ልጃችን የለቅሶ ቤት ፎቶ አመጣ፣ ታስታውሻለሽ። ጥቁር ከለበሱት ሰዎች ግማሾቹ ጥቁር ግማሾቹ ሐምራዊ ሆነዋል። ኤም 8 መሆኑን ባይጽፍ ኖሮ አንድ ላይ ተነስተን «ዋይት ባላንስህን (የቀለም ሚዛንህን) አስተካክል» እንለው ነበር፣ ልጁም ሌሊቱን ሙሉ ሲጎትት ያድር ነበር፣ ሐምራዊውን ሲያጠፋ ሰዎቹ አረንጓዴ እየሆኑበት። ነገሩ ዋይት ባላንስ አይደለም። ኤም 8 በ2006 ሲወጣ ከሴንሰሩ ፊት ኢንፍራሬድ (አይናችን የማያየው ብርሃን) የሚያግደው ብርጭቆ በጣም ስስ ነበር፣ እንደ ፖሊስተር ያለ ጨርቅ ለአይናችን ጥቁር ቢሆንም ኢንፍራሬዱን ያንጸባርቃል፣ ሴንሰሩ ደሞ ያየዋል። ላይካ ራሱ ለገዢዎቹ ሌንስ ፊት የሚታሰር ፊልተር በነጻ ሰጥቷል። መድሀኒቱ ፊልተር ነው፣ ፊልተር ግዛ ለማለት ደሞ የካሜራውን ስም ማወቅ የግድ ነው።

ፎከሱንም «ሰበብ ነው» ብለሽ አለፍሽው። ለጀማሪዎቹ ስል ልዘርዝረው። ቪውፋይንደሩ መሀል ላይ ደመቅ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፣ እዛ ውስጥ ሰውየው ሁለት ሆኖ ይታይሻል፣ ሌንሱን ስታዞሪው ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ሲገጥሙ ፎከስ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ምስሎች የሚመጡት ካሜራው ፊት ላይ ካሉት፣ 7 ሳንቲሜትር ያህል ከሚራራቁት መስኮቶች ነው። ሁሉም መካኒካል ነው፣ ሌንሱ የሚገፋው ትንሽ ክንድ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ሴንሰሩ ላይ ምን እንዳረፈ አያውቅም። ካሜራው አንዴ ወድቆ ከተናጋ አንቺ በልክ ገጥመሽ አይን ላይ ያደረግሽው ፎከስ ጆሮ ላይ ያርፋል። ኤም 9 ላይ ደሞ ላይቭ ቪው (ሴንሰሩ የሚያየውን ስክሪን ላይ ማየት) ስለሌለ ከማንሳትሽ በፊት የምታጣሪበት መንገድ የለም፣ ይሄ ከኤም 240 ጀምሮ ነው የመጣው። ሌንሱም የራሱ አመል አለው። የዛይሱ ሲ ሶናር 50 ቀዳዳውን (ብርሃን የሚገባበትን) በቀየርሽ ቁጥር ፎከሱ ይንሸራተታል፣ በአንዱ ቀዳዳ ልክ ከሆነ በሌላው ልክ አይሆንም። ለዚ ሰው «ፎከስ ተለማመድ» ይባላል? የሚባለው «ካሜራህን አስፈትሽ» ነው፣ ወይም «በስንት ቀዳዳ ነው ያነሳኸው?» ነው።

ፍሬምላይኑም እንደዛው። ኤም 9 ላይ መስመሮቹ የተሰሩት በ1 ሜትር ልክ ነው፣ ሰው በራቀ ቁጥር ሴንሰሩ የሚይዘው መስመሩ ከሚያሳይሽ ይሰፋል። ጥጉ ላይ የገባው ክንድ ልጁ ስላላየው አይደለም፣ ከመስመሩ ውጪ ነው ብሎ ስላመነ ነው። ይሄን ካላወቅሽ ቸልተኛ ትይዋለሽ።

ይደበቅ

ጋሼ ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ሐምራዊውን ግን ለማየት ስሙ አላስፈለገኝም እኮ። «ጥቁሩ ሐምራዊ ሆኗል» እላለሁ፣ ባለቤቱ «ኤም 8 ነው» ይላል፣ እርሶ «ፊልተር ግዛ» ይላሉ። ስሙ መጨረሻ ላይ መጣ፣ ምን ጎደለ? ስለ ክንዱም ተመልካች ፍሬምላይን የሚባል ነገር አያውቅም፣ ክንድ ነው የሚያየው። ይከርከማ!

መከርከም ስል ደሞ ሁሌ የሚጠራብኝ ሰው አለ። «ካርቲየ ብሬሶን አይከረክምም ነበር፣ የላይካ ሰው የሚቀርጸው ቪውፋይንደር ውስጥ ነው» ይሉኛል፣ ፈረንሳዊውን ፎቶ አንሺ ማለታቸው ነው። ያ ከሴንላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ውሃ ሲዘል የሚታየው ሰውዬ፣ የ1932ቱ፣ እሱ ራሱ የተከረከመ ነው። በአጥር ክፍተት ነው ያነሳው፣ ክፍተቱ ለሌንሱ አልበቃ ብሎ ጥጉ ላይ አጥር ገባበት፣ ቆረጠው። ሌላም ልጨምርልዎ፣ ካሜራውን በጥቁር ቴፕ ሸፍኖ ነበር የሚዞረው። እሱ የደበቀውን እኛ ፎቶ ስር እንጽፋለን።

ይነገር

የሸፈነው እንዳይታይበት ነዋ! ከሚያነሳቸው ሰዎች ነው የደበቀው፣ ስራውን አይቶ ከሚያርመው ወዳጁ አይደለም። ብልጥ ነሽ፣ ይሄን ግን አላሳልፍልሽም።

ይደበቅ

እሺ ይለፈኝ። ዋናውን ነገር ግን ላምጣ፣ ይሄን ክርክር የጀመርኩት በዛ ፎቶ ምክንያት ስለሆነ።

የጃን ሜዳዋ እናት፣ የጥምቀቷ። ነጭ ነጠላ ተከናንበው ወደ ታች የሚያዩት፣ ከፎቶው ግማሽ በላይ ነጠላ ነው፣ ፊታቸው ግን ጨለማ። አይናቸው ክፍት ይሁን ዝግ አይታወቅም፣ ነጠላውም ነጭ አይደለም፣ የታጠበበት ውሃ ነው የሚመስለው። ምን ተባለ? «የላይካ ጥላ»፣ «ስሜቱ ከባድ ነው»፣ ምናምን። ኧረ ስሜት አይደለም፣ የብርሃን ቆጣሪው ተሸውዶ ነው። ቆጣሪው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ነጠላ ሲሞላለት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፣ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ጠይም ፊት ደሞ ገደል ይገባል። ይሄ የኛ አገር ፎቶ አንሺ የየእሁዱ ችግር ነው፣ ቤተክርስቲያን ደጅ ቆሞ ያነሳ ሁሉ ያውቀዋል፣ ላይካም ኒከንም ላይ ያው ነው። የካሜራው ስም እዛ ባይጻፍ ኖሮ መጀመሪያ የሚናገረው ሰው «የእናትየው ፊት የታለ?» ነበር የሚለው። ስሙ ስህተትን ስታይል አደረገው። የአንዲት ሴት ፊት ጠፍቶ እኛ ስለ ጥላ እናወራለን፣ ይሄ ያናድደኛል ጋሼ፣ እውነቴን ነው።

እነ ቦያጅያን ለቤተመንግስት ያነሷቸውን ፎቶዎች ሰው እስከዛሬ ያያል፣ በምን ካሜራ ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። የሚታየው የሰዎቹ ፊት ነው።

ይነገር

እንዲህ ስትናደጂ ነው የምትጽፊው። ፊቱ መውጣት ነበረበት፣ እዚህ ላይ አንከራከርም፣ «የላይካ ጥላ» ያለውም ሰው እኔ አይደለሁም።

ግን ምክርሽ ምንድነው? ባለፈው ለልጁ «ሁለት ስቶፕ ጨምር» አልሽው፣ ብርሃኑን አራት እጥፍ አድርግ ማለት ነው። እሱ ያነሳው በኤም 9 ነው፣ የኤም 9 ሴንሰር ደሞ ነጩ አንዴ ከተቃጠለ ተመልሶ አይመጣም፣ በጃን ሜዳ ፀሐይ ሁለት ስቶፕ ቢጨምር ነጠላው ወረቀት ይሆን ነበር፣ ጥለቱም ሽመናውም አይታይም። በአይኤስኦ 160 (ዝቅ ባለ የብርሃን ስሜት) የተነሳ የኤም 9 ፋይል ጥላው ውስጥ ብዙ ነገር ይዟል፣ ላይትሩም (የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም) ላይ ፊቱን ብቻ ብታነሺው ይነሳልሻል። ስለዚ ልጁ ነጩን ጠብቆ ማንሳቱ ልክ ነበር፣ የጎደለው ቤት ገብቶ ፊቱን ማውጣቱ ነው። ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚያነሳው በ2012ቱ የላይካ ሞኖክሮም ከሆነ ደሞ ይብሳል፣ ሴንሰሩ የቀለም ማጣሪያ የለውም፣ ቀይ ሲቃጠል ከአረንጓዴ እንበደር አይባልም፣ ነጩ ሄደ ማለት ሄደ ነው። በ2012 ሞኖክሮም ለሚያነሳ «ሁለት ስቶፕ ጨምር» ብትይው እናትየው ፊት ኖሯቸው ነጠላ አይኖራቸውም።

አየሽ፣ ጥፋቱን ማየት የአይን ስራ ነው፣ ለሱ አንቺ ትሻያለሽ። መፍትሄው ግን ከካሜራ ካሜራ ይለያያል። ስም ካልተነገረ ግማሽ ትችት ነው የምንሰጠው፣ ያውም ልጁን ወደተሳሳተ በር የሚመራ ግማሽ።

ይደበቅ

ሁለት ስቶፕ ያልኩት ለፊቱ ነው፣ እንዴት ይጨመር የሚለውን አልነገርኩትም፣ ላይትሩም ላይ ቢሆንም ጨመረ ነው። ግን እሺ፣ ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም ለዘላለም ይደበቅ አላልኩም። የመጀመሪያው ቀን ያለ ስም ይሁን፣ ሁሉም ያየውን ይናገር። በሁለተኛው ቀን ባለቤቱ ካሜራውን፣ ሌንሱን፣ አይኤስኦውን፣ ቀዳዳውን ይናገር፣ ያኔ ጋሼ ስለ ሶናርም ስለ ፊልተርም እስኪመሽ ያስተምሩን። የማልቀበለው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። ስም ቀድሞ ከገባ አይናችን ከዛ በኋላ አይታመንም።

ይነገር

አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ደሞ ዋጋ የለውም፣ የምናውቅ ሰዎች ጠረኑን እናውቀዋለን። ሐምራዊ ጥቁር ካየሁ ኤም 8 ነው። የኤፕሰኑን አር ዲ 1 ደሞ ከነባለቤቱ አውቀዋለሁ፣ እንደ ፊልም ካሜራ በያንዳንዱ ፎቶ ሊቨር እየሳበ የሚያነሳ ከመሀላችን ማን እንደሆነ እናውቃለን። የ2004 ካሜራ፣ 6 ሜጋፒክስል፣ የመጀመሪያው ዲጂታል ሬንጅፋይንደር፣ እስካሁን አልጣለውም፣ አደንቀዋለሁ። (ይሄ ከክርክሩ ጋር አይገናኝም፣ ዝም ብሎ መጣልኝ።)

ሌላው የሚያሳስበኝ የመጀመሪያ ቀን ንግግር ነው የሚቀረው። አስር ሰው ተነስቶ «ፎከስ አትችልም» ካለው በኋላ በማግስቱ እኔ መጥቼ «ካሜራው ተናግቶ ነው» ብለው ልቡ ተሰብሯል። አንዳንዱ በማግስቱ አይመጣም እኮ።

ይደበቅ

እሱ የአነጋገር ችግር ነው። «ፎከስ አትችልም» ካሜራ ቢጻፍም ባይጻፍም ስድብ ነው። «ፎከሱ ጆሮ ላይ ነው» ይባል፣ ይሄ ማንንም አይሰብርም፣ ካሜራው የተናጋ ከሆነም ፍንጩ እሱ ነው። አውቃለሁ የሚል ደሞ ይገምት፣ ግምቱን ግን በሁለተኛው ቀን ይናገር፣ ያኔ ስንቱ «የሲሲዲ ቀለም» ያለው ፎቶ ከፉጂ ኤክስ ፕሮ እንደመጣ እናያለን። እኔ የምይዘው እሱን ነው፣ ፎቶዬን በላክሁ ጊዜ ደግሞ «ይሄ እኮ ሬንጅፋይንደር አይደለም» የሚለኝ ሰው ፎቶውን ሳያይ ነው የሚለኝ።

ይነገር

አይደለማ! ፎቶሽን አይቻለሁ፣ የሱቁ በር ላይ የቆመው ልጅ ከዚህ ወር ሁሉ ይበልጥብኛል፣ ካሜራሽ ግን ሬንጅፋይንደር አይደለም። የሚገጥም ምስል የለውም፣ ኦቶፎከስ ነው፣ ጎኑ ላይ መስኮት ስላለው ብቻ ወንድሙ ነው አይባልም።

ይደበቅ

እንግዲያው ላይካስ? በ2025 ኤም ኢቪ 1 ብሎ ያወጣው ኤም ነው፣ የኤም ሌንስ ይወስዳል፣ ሬንጅፋይንደሩን ግን አውጥቶ ኤሌክትሮኒክ ቪውፋይንደር ነው የከተተበት። እሱንስ ምን ልንለው ነው?

ይነገር

እሱንም አልቀበለውም። ይዞ የሚመጣ ካለ ስሙን ደብቆ ያምጣው።