ውዳሴ ቲኬት

የደብረ ማርቆስ ልጆች ጂኦግራፊ አያውቁም የሚል መምህር ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ አንዱ የኳስ መወራረጃ ቤቲንግ ቤት ጎራ ይበል። በከተማዋ ዳር የሚያልፈው የጨሞጋ ወንዝ የት እንደሚገባ ቢጠየቅ ግራ የሚጋባው የአስረኛ ክፍል ተማሪ፣ የኖርዌይን የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለቦች ከነከተማቸው ይዘረዝርለታል። የትኛው በሜዳው እንደማይሸነፍ፣ የትኛው በረኛ ጉልበቱን እንደታመመ ጭምር። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረውም። በራሱ ገንዘብ፣ ማለትም በእናቱ ገንዘብ፣ የተማረው ነው።

በሩ ላይ «ከ21 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሕግ ማክበር እንዲህ ነው! ልጆቹም ጽሑፉን አክብረው ነው የሚገቡት፤ የዩኒፎርም ሹራባቸውን ገልብጠው ይለብሳሉ። ገንዘብ ተቀባዩ ደግሞ ጨዋ ሰው ስለሆነ የሰው ዕድሜ አይጠይቅም። ጢም ያላበቀለውን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ተላጭቶ ነው ብሎ በቀና ልብ ያልፈዋል።

ሒሳብ ደከሙ የሚባለውም ሐሜት ነው። ልጁ በ20 ብር አስር ጨዋታ በአንድ ቲኬት ይቆርጣል። እያንዳንዱ ጨዋታ በባለሜዳው ድል፣ በእኩል ወይም በእንግዳው ድል ያልቃልና ቲኬቱን በ59,049 መንገድ መሙላት ይቻላል። ልጃችን ግን አዋቂ ነው፤ እያንዳንዱን ጨዋታ ከአስር ስድስት ጊዜ ይገምተዋል እንበል። እንዲያም ሆኖ አስሩም የሚሳኩለት ከ165 ቲኬት በአንዱ ነው። አጫዋቹ ድርጅትም ስስት የለበትም፤ ግማሽ በግማሽ በሆነ ግምት ላይ ለሚያሸንፈው የተያዘውን ብር በ2 ፋንታ በ1.90 ያባዛል፣ ከመቶ ብር አምስት ብቻ ለራሱ ያስቀራል። አስሩ ጨዋታ ሲባዛ ያቺ አምስት ብር አድጋ ከመቶው 40 ብር ያህል ትሆናለች። እንዲህ ቶሎ የሚያድግ እህል ጎጃም እንኳ አላበቀለም።

ዘጠኙን አግኝቶ በአንዱ ሲቃጠልበትስ? ሳምንቱን ሙሉ «በአንድ ጨዋታ!» እያለ ያወራል፤ ለጥቂት መሳት ለእሱ ግማሽ ድል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቁማርን ሱስ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጎን በበሽታነት መመዝገቡ ቅናት ካልሆነ ምን ይባላል?

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ነው። እናቱ በገበያ ቀን ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ አንድ ቁና ጤፉን ተሸክማ ታመጣለታለች። እሷ ዞር ከማለቷ ጤፉ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ራሷ ዋጋ ጠይቃው «ጥሩ ጤፍ ነው» ብላ አልፋ ይሆናል። ሽኝቱ ላይ ደግሞ፣

«እማዬ፣ የፎቶ ኮፒ ገንዘብ አምጡ ተብለናል።»

«አሁንም? ይህ መምህርህ ወረቀት ይበላል እንዴ ልጄ?»

ብላ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮውን በጥርሷ ትፈታለች።

አባቶችም ምስጋና ይገባቸዋል። አረቄ ቤት ተቀምጠው «የእኔ ልጅ አይጠጣ፣ ጫት አይቅም፣ ኳስ ብቻ ነው የሚወደው» ይላሉ። ልጁ አንድ ቀን 3,000 ብር የበላ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ምርቃቱ ይጎርፋል። ለተበላው ግን ድንኳን የሚጥል እድር እስካሁን አልተቋቋመም።

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ትምህርት ቤቶች የወላጆች ስብሰባ በጠሩ ቁጥር ሰው አይመጣም እያሉ ያማርራሉ። ለምን ቤቲንግ ቤት አይደረግም? ወንበር አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ተማሪው ቀሪ የለበትም። ለአባቶችም የጥሪ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም፤ አንዳንዶቹ ወረፋ ይዘዋል።