ተናካሽ ውሻን የሚያበላው ሰው ከምክክሩ አይቅር

አዲስ አበባ ውስጥ የብዙ ግቢ በር «ከውሻ ይጠንቀቁ» ይላል። ከበሩ ወዲያ ያለው ውሻ ቀኑን በሁለት ሜትር ሰንሰለት ታስሮ ይውልና ማታ ይፈታል። እንግዳ ላይ እስከጮኸ ድረስ «ጎበዝ» ነው። የቤቱን ልጅ የነከሰ ዕለት ግን መጀመሪያ አሰልጣኝ ይጠራል፣ አሰልጣኙ ሲያቅተው ሐኪም ይመጣል፣ ሐኪሙ ክትባት ሰጥቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ውሻው ወይ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ወይ መርዝ ይበላል። ባለሙያዎቹ በየተራ መጥተው ይሄዳሉ እንጂ ተገናኝተው አይነጋገሩም። በየቀኑ የሚያበላውን ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛዋን ደግሞ ከነጭራሹ የሚጠይቅ የለም። ውሻውን ከማንም በላይ የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

በአሜሪካ የእንስሳት ባህሪ ሕክምና ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። እኛ ግን ስፔሻሊስት እስኪገኝ መጠበቅ የለብንም። አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ አንድ የማይመታ አሰልጣኝ፣ ባለቤቱና ውሻውን የሚያበላው ሰው አንድ ላይ ከተቀመጡ ቡድኑ ተሟላ።

ከሁሉ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ይታሰብ። ያልተከተበ፣ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ ወይም መዋጥ ያቃተው ውሻ ለሥልጠና አይቀርብም። ማንም ሳይጠጋው ካለበት እንዳይወጣ ተዘግቶበት ሐኪም ይጠራ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፤ ጠበል የሚሄድም ቢሆን መጀመሪያ ክትባቱን ይጀምር። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከነከሰ ለብቻው ተዘግቶበት 10 ቀን ይታያል፤ ተቸኩሎ ከተገደለ ያ ክትትል ቀረ። የሰውየው ክትባት ግን 10 ቀኑን አይጠብቅም።

ይህ ከተጣራ በኋላ የሐኪሙ ሥራ ሕመም መፈለግ ነው። በእንግሊዝ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለባህሪ ችግር ወደ ስፔሻሊስት ከሚላኩ እንስሳት ቢያንስ ሲሶው የሚያሳምም ነገር እንዳለባቸው ገምተዋል። የሚያመው ውሻ ሊነኩት ሲሉ ቀድሞ ይናከሳል። ሐኪሙ ውሻውን የሚያየው ለግማሽ ሰዓት፣ ያውም በፍርሃት ተወጥሮ ሳለ ነው። ጠዋት ሲነሳ እንደሚያነክስ፣ አጥንት በአንድ ወገን ብቻ እንደሚያኝክ፣ ደረጃ መውጣት እንደተወ የሚያውቀው ዘበኛው ነው። ሕመም ከተጠረጠረ ሐኪሙ ለተወሰኑ ሳምንታት የሕመም ማስታገሻ አዝዞ ጠባዩ ይለወጥ እንደሆነ ሊያይ ይችላል። ከሰው ፋርማሲ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ገዝቶ መስጠት ግን ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ሊገድለውም ይችላል።

ቀጥሎ ግቢው ይስተካከል። በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት የነከሱትን ካልነከሱት ውሾች ጋር ሲያነጻጽር፣ በነከሱት ዘንድ ግቢ ውስጥ ታስሮ መዋል ሦስት እጥፍ ገደማ በዝቶ አግኝቷል። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል የሚቀረው ምርጫ መናከስ ነው። በሰንሰለቱ ፋንታ ከበሩ ራቅ ያለ፣ ወደ መንገድ የማያሳይ የታጠረ ቦታ ይሠራለት። አፉን በገመድ ማሰር ደግሞ ክፉ ልማድ ነው፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ስለሆነ ይታፈናል። ማለክለክና ውሃ መጠጣት የሚያስችለው ቅርጫት መሰል የአፍ መሸፈኛ ይሻላል፤ እሱንም ሳይታሰር፣ ውስጡ ምግብ እየተደረገለት፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ይለማመደው።

ሥልጠናው በር ላይ ነው። የተቀቀለ ሳንባ ወይም ጉበት ሽንብራ በሚያክል መጠን ይከተፍ፤ ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት አይግባበት። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያፈርስ የወጥ ትራፊም አይሆንም። ውሻው ሰው እያየ ሳይጮህ ምግብ መቀበል የሚችልበት ርቀት ይፈለግ፤ 15 ሜትር ይሁን እንበል። ሰው በበሩ ሲገባ ሥጋው ቶሎ ቶሎ ይሰጠው፣ ሰውየው ሲወጣ ይቁም። አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ። ውሻው ሰው ባየ ቁጥር ወደሚያበላው ሰው ዞር ማለት ሲጀምር አንድ ሜትር ይቀረባል። ብዙዎች የሚያበላሹት ቅደም ተከተሉን ነው። ሥጋው ከእንግዳው ከቀደመ፣ ውሻው ሥጋውን ራሱን የአደጋ ምልክት አድርጎ ይይዘዋል። ምግቡን እምቢ ካለ ቀርባችሁታል ማለት ነውና ወደኋላ ተመለሱ።

ጉርምርምታውን በዱላ ዝም የሚያሰኝ አሰልጣኝ ከቡድኑ ይውጣ። እዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም። ጉርምርምታ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከጠፋ ፍርሃቱ እዚያው ሆኖ ማስጠንቀቂያው ብቻ ይቀራል፣ ውሻውም ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። «አለቃው አንተ መሆንህን አሳየው» የሚለው አስተሳሰብ በእ.ኤ.አ. 1947 በግዞት ባሉ ተኩላዎች ላይ ከታተመ ምልከታ የተወሰደ ነው። ሐሳቡን ካስፋፉት አንዱ የነበረው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ እ.ኤ.አ. በ1999 ራሱ አርሞታል፤ በዱር ያለ የተኩላ መንጋ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ቤተሰብ ነው።

ፍርሃቱ የጸናበት ውሻ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ውጤቱ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው፤ ብዙ ባለቤት በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ያቆመዋል። መድኃኒቱ ውሻውን ለሥልጠና ያረጋጋዋል እንጂ ሥልጠናውን አይተካም።

አንዳንድ ውሻ ሕፃን ካለበት ቤት ሊኖር አይችልም፤ ይህን መሸሸግ ልጁንም ውሻውንም መበደል ነው። ለውሳኔው የእንስሳት ሐኪሙ ኢያን ደንባር ያወጣው ባለ 6 ደረጃ የንክሻ መለኪያ ይረዳል። ደረጃ 1 ጥርስ ቆዳ ያልነካበት ሙከራ ነው፤ ደረጃ 3 ከአንድ እስከ አራት ቀዳዳ፣ ጥልቀታቸውም ከክራንቻው ግማሽ ያላለፈ፤ ደረጃ 6 ሞት። ሐኪሙና አሰልጣኙ «ክፉኛ ነከሰ» ከሚባባሉ «ደረጃ 3፣ ሁለት ጊዜ» ቢሉ ይግባባሉ።

ይህ ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ቀንና ሰዓቱ፣ ማን እንደገባ፣ በስንት ሜትር ላይ፣ ውሻው ከመጮሁ በፊት ምን እንዳደረገ፣ ከንፈሩን ላሰ ወይስ ደርቆ ቆመ። ደብተሩን የሚይዘው ዘበኛው ስለሆነ ለሥራው ክፍያ ይታሰብለት። ሐኪሙም ሲመጣ ሳሎን ገብቶ ከመቀመጡ በፊት መጀመሪያ ወደ ዘበኛው ክፍል ይሂድ።