ፋሻው የትኛው እጇ ላይ ነበር?

ክርክሩ የተነሳው በፋሻ ነው።

አምስት ሆነን ፊልም እያየን ነበር። መርማሪዋ በብርጭቆ ስባሪ ግራ እጇን ተቆርጣ በነጭ ፋሻ ጠምጥማዋለች። ሽጉጧን ይዛ ኮሪደሩን ስትታጠፍ ፋሻው ቀኝ እጇ ላይ ተገኘ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ወዲያው ደግሞ ወደ ግራ ተመለሰ።

መጀመሪያ ያየችው የወንጀል ልብ ወለድ ማንበብ የማይሰለቻት ጓደኛችን ናት። «ቁም ቁም! ወደኋላ መልሰው!» አለች። መለስነው። እውነቷን ነው።

«ፋሻውን የትኛው እጅ ላይ እንዳሰሩት የማያስታውሱ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ገዳይ በፍንጭ ሊያስይዙልኝ የተነሱት!»

ከዚያ በኋላ ፊልሙን በጸጥታ ያየ የለም።

የፊልሙን ስም አልጠራም። ሠሪዎቹ ጀማሪዎች ናቸው፤ የእኛም አፍ ያን ምሽት አልተገራም ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ሦስት ሰው የገደለ ሰው አለ። ከሥራ የታገደች መርማሪ በአንድ ሌሊት ልትይዘው ትነሳለች። አብዛኛው ነገር የሚሆነው አንድ ፎቅ ውስጥ ነው። በጀቱ ትንሽ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ፖሊስ ጣቢያው ሁለት ጠረጴዛና አንድ ሰው ነው። ያው ሰውዬ መጀመሪያ ስልክ ያነሳል፤ ቀጥሎ በር ይጠብቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኮፍያ አድርጎ ሬሳ ሲሸከም አየነው።

«እኔ ፋሻውን ይቅር ብያለሁ» አለ የአክሽን ሱሰኛው። «የማልምረው ድብድቡን ነው። ካሜራው ለምንድነው እንደዚህ የሚንቀጠቀጠው? ቡጢው ስለማያርፍ ነው! አንድ ቡጢ በአራት ካት። እጅ ታያለህ፣ ከዚያ ጫማ፣ ከዚያ ግድግዳ፣ ከዚያ አንዱ ወድቋል። ማን መታው?»

መልስ የሰጠው የፊልም ድምፅ በማቀናበር የሚተዳደረው ልጅ ነው። ከመጀመሪያውም ለፊልሙ ጥብቅና ቆሟል። «ድብድብ ሳይቆራረጥ በአንድ ሾት ለማሳየት ተዋናዮቹ ለሳምንታት መለማመድ አለባቸው። ስታንት፣ ማለትም መውደቅና መደባደብ የመሰለውን አደገኛ ትዕይንት፣ የሚያውቅ ሰው መቅጠር ያስፈልጋል። ገንዘብ ከሌለህ ትቆራርጠዋለህ። ካት የድሃ ስታንት ነው።»

«ካልቻልክ አትደባደባ!»

«ቆይ፣ ክንዱ ሲሰበር ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። እሱስ ዘግንኖኛል።»

«የአትክልት አገዳ ነው። ማይክ አጠገብ ይዘህ ቀጭ ታደርገዋለህ። አየህ፣ ርካሽነቱን ስትነቃበት ነው የምትሰድበው፤ ካልነቃህበት ይዘገንንሃል።»

እዚህ ላይ ሳቅን። እሱ ግን ሞቅ ብሎት ምሳሌ መደርደር ጀመረ። ሂችኮክ በፈረንጆቹ 1960 በሠራው «ሳይኮ» ላይ በመታጠቢያው ውስጥ የሚፈሰው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ይለየዋል? የ1978ቱ «ሃሎዊን» ገዳይ ጭንብል ደግሞ ከሱቅ የተገዛ፣ «ስታር ትሬክ» የሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ካፒቴን ፊት ነው። የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት፣ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ አለቀ። የፊልሙ ሙሉ ወጪ 300 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ይቅርና» አለ፣ «ሮበርት ሮድሪገዝ በ1992 የወጣውን ‹ኤል ማሪያቺ› በ7,000 ዶላር ገደማ አይደል የሠራው?»

የአክሽን ሱሰኛው ይህችን ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። «እሷን ተረት ለሌላ ሰው ንገር። 7,000ው ለቀረጻው የወጣው ነው። ስቱዲዮው ከገዛው በኋላ ድምፁን ለማስተካከልና ለሲኒማ ለማዘጋጀት የዚያን ብዙ እጥፍ አውጥቶበታል። ሲኒማ ገብቶ ያየ ሰው የ7,000 ዶላሩን ፊልም አላየም።»

የድምፅ ባለሙያ በድምፅ ሲረታ ማየት ደስ ይላል።

«የገንዘቡን ነገር ተዉት እስቲ» አለች አንባቢዋ። «ፍንጭ ስንት ያወጣል? ወረቀትና እስክሪብቶ! አንድ ሰዓት ሙሉ ደሙን አየሁ፣ የጣት አሻራውን አየሁ፣ ግድግዳ ላይ በቀይ ክር የተያያዘ ፎቶ አየሁ። ገዳዩ የተገኘው ግን በምንድነው? ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ስልክ ደውሎ ‹የምትፈልጊው ሰው አራተኛ ፎቅ ነው› አላት። በቃ? መርማሪዋ እኮ ቤቷ ተኝታ ብትጠብቅም ይደወልላት ነበር!»

ይህን ማንም አልመለሰላትም። እሷም አላቆመችም። ፍሪትዝ ላንግ በ1931 በሠራው «ኤም» የሚባል የጀርመን ፊልም ላይ ሕፃናት የሚገድለውን ሰው የሚለየው ዓይነ ስውር ፊኛ ሻጭ መሆኑን ነገረችን። የሚለየው በፉጨቱ ነው። ሰውዬው አንዷን ሕፃን ይዞ ፊኛ ሲገዛ ያፏጭ ነበር፤ ተመልካቹም አብሮ ሰምቷል። በኋላ ያው ፉጨት ሲመጣ ሻጩም እኛም እኩል እንደነግጣለን። «ፉጨት ነው እኮ! ምን ወጪ አለው? ግን ቀድሞ ተዘርቷል። እነዚህ ሳይዘሩ ነው ሊያጭዱ የወጡት።»

ታላቃችን እስካሁን አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ፣ «ሦስተኛዋ የተገደለችው ልጅ ስሟ ማን ነበር?» አሉ።

ተያየን። የአክሽን ሱሰኛው «ያቺ… ቀይ ሹራብ የለበሰችው» አለ። ስሟን ግን የሚያውቅ የለም።

«የገዳዩስ?»

ሦስት ሰው በአንድ አፍ ጠራው።

«እርስዎ ደግሞ!» አለች አንባቢዋ እየሳቀች፤ ሳቋ ግን አልገፋም። እሳቸውም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ዝም አሉ።

በዚህ መሐል ነው ድምፅ ሠሪው «እሺ፣ ደረጃውስ?» ያለው። የደረጃው ነገር ሲነሳ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ደረጃው እንዲህ ነው። መርማሪዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆማለች። የደረጃው መብራት ስትጫነው የሚበራ፣ ጥቂት ቆይቶ ራሱ የሚጠፋ ዓይነት ነው። ይጠፋል። ሙዚቃ የለም። ከላይ የቁልፍ ዘለላ ሲንሿሿ ይሰማል። በጨለማ ግድግዳውን ዳብሳ ማብሪያውን ትጫናለች፤ ማንም የለም። መብራቱ እንደገና ይጠፋል። ቁልፎቹ እንደገና ይንሿሿሉ፤ አሁን ግን አንድ ፎቅ ቀርበዋል። ትጫናለች፤ ማንም የለም። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ምንም አይሰማም። ፋሻ የታሰረው እጇ ማብሪያው ላይ ነው፤ ግን አትጫነውም። ልታየው አትፈልግም! እኛም እንድትጫን አልፈለግንም። የእኛ የአክሽን ሱሰኛ ትራሱን አቅፎ እንደነበር ለታሪክ ይመዝገብልኝ።

ያ ሲን ያስወጣው አንድ ተዋናይት፣ አንድ አምፖልና አንድ ዘለላ ቁልፍ ነው።

ከእሱ አሥር ደቂቃ አለፍ ብሎ ደግሞ መኪና ይፈነዳል። ኮምፒውተር ላይ የተሠራ እሳት መሆኑን ልጅም ያውቀዋል። አጠገቡ ያለው ዛፍ አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። መርማሪዋ ከእሳቱ አምስት እርምጃ ርቃ ቆማ ፊቷ ላይ ትንሽ ቢጫ ብርሃን እንኳ አያርፍም። ብርሃኑን እንኳ አንድ ሰው ከካሜራው ጎን መብራት ይዞ ቢያወዛውዝላት ይደርስ ነበር። ደግሞ መኪናው መፈንዳት አልነበረበትም። ባይፈነዳ በታሪኩ ላይ የሚጎድል ነገር የለም።

እኔ እነሱ ሲጨቃጨቁ ብዙም አልተናገርኩም፤ ፍርዴን እዚህ ልስጥ። ድምፅ ሠሪው «ገንዘብ ስላጡ ነው» ሲል ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ገንዘብ ያጣው ፊልም ያን ደረጃ ሠርቶልናል። ያበላሸው እንደ ሀብታም ልልበስ ያለው ፊልም ነው። ድሃ መሆኑን የረሳባቸው ቦታዎች ሁሉ ያምራሉ፤ በድህነቱ ያፈረባቸው ቦታዎች ሁሉ ያስቃሉ። ድብድቡ፣ ፍንዳታው፣ የቀይ ክሩ ግድግዳ፣ ሁሉም ከትልልቅ ፊልሞች የተዋሱት ልብስ ነው፤ እጅጌው ይረዝማል። ስለዚህ «ካልቻልክ አትደባደባ» ያለው የአክሽን ሱሰኛ ሳያስበው ከሁላችንም በላይ እውነቱን ተናግሯል ባይ ነኝ።

በስልኩ ጉዳይ አንባቢዋ ሙሉ በሙሉ ትክክል ናት። ደግሞ የሚያበሳጨው መልሱ እጃቸው ላይ ነበር። ቁልፎቹ! ገዳዩ የሕንፃው ጥበቃ ነው፤ ዘለላውን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ መጀመሪያ ላይ በፊቷ ቢያልፍ፣ ደረጃው ላይ በድምፁ ለይታው ነበር። ስልክ ባላስፈለገ። ጥሩውን ፍንጭ ማስፈራሪያ ብቻ አድርገው አባከኑት። የታላቃችን ጥያቄ ግን በማንኛውም በጀት አይፈታም። የልጅቷ ስም ሁለት ቃል ነው፤ አንዴ ተጠርቶ ነበር፤ ፊልሙም እኛም ረሳነው።

ፋሻውን በሚመለከት አንድ ነገር ቀርቶኛል። በነጋታው ብቻዬን ቁጭ ብዬ ያቺን ሦስት ሰከንድ ደጋግሜ አየኋት። ከመርማሪዋ ጀርባ አንድ በር አለ። በሩ ላይ 25 ቁጥር ተለጥፏል። ቁጥሩ የተጻፈው በመስታወት ውስጥ እንደሚታየው ተገልብጦ ነው። ፀጉሯ የተከፈለበት መስመርም ጎኑን ቀይሯል። ማንም ፋሻውን አልቀየረውም፤ ሾቱን ራሱን ነው የገለበጡት። ከዚያ በፊት ያሉት ሾቶች ላይ ገዳዩን ስታሳድድ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምትሮጠው። ይህችን ግን ሲቀርጿት ከቀኝ ወደ ግራ ትሄድ ነበር። እንዳለ ቢያስገቡት የምታሳድደው ሳይሆን የምትሸሸው ትመስላለች። ተመልሶ ለመቅረጽ ገንዘብ አልነበራቸው ይሆናል። ኤዲተሩ ገለበጠውና ማሳደዱን አዳነው።

ፎቶ አንስቼ ቁጥሩን በቀይ ከብቤ ለአንባቢዋ ላክሁላት። ይሄው፣ ግድየለሽነት አይደለም፣ ብልሃት ነው አልኳት።

መልሷ ሳይዘገይ መጣ፦ «ታዲያ ቁጥሩን ምናለ ቢነቅሉት?»