ይድረስ ለክቡር አቶ እርሳስ (የመጻፊያው ሳይሆን መርዛማው ብረት)፣ አባይ ውስጥ

ጉዳዩ፦ መሸኛዎን እንዲወስዱ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና አለመሆናችንን የሚነግር መሣሪያ እስኪመጣ ድረስ።

ክቡርነትዎ፣ እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ በማግስቱ ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። እርስዎ ገና ከደጅ ሲገቡ ብረት ነበሩ። ማንም «ቤት ለእንግዳ» ሳይልዎት አጥንታችን ውስጥ መደብ ይዘው ተቀመጡ። ካልሲየም መስለው ነው የሚገቡት። አጥንት የዋህ ነው፣ መታወቂያ አይጠይቅም፤ ለአሥርተ ዓመታት ያኖርዎታል።

ጨዋነትዎን ግን ሳላደንቅ አላልፍም። አይሸቱም፣ ቀለም የለዎትም፣ ጉሮሮ አይጎረብጡም። ምስኪን እምቦጭ ጣና ላይ አረንጓዴ ሆኖ ስለተንጣለለ ስንት ዘመቻ ወጣበት! ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቀለው፣ ማሽን መጣበት፣ ገንዘብ ተዋጣበት። እርስዎን ማን አየዎት? እንዲያውም (ይህ በመካከላችን ይቅር) የእምቦጭ ሥር እርስዎንና ዘመዶችዎን ከውሃው እየመጠጠ የሚይዝ ነው። ነቅለን ዳር ላይ ከመርነው። ሲበሰብስ በክረምቱ ጎርፍ ይመለሳሉ፤ የደርሶ መልስ ቲኬትዎን የቆረጥን እኛው ነን።

አመጣጥዎንም አውቃለሁ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሰፈራችን ካለ ጋራዥ በር ላይ አንድ ጎረምሳ የሞተ የመኪና ባትሪ ከፍቶ አሲዱን ከነዝቃጩ ቦይ ውስጥ ሲደፋ አየሁት። በማግስቱ የቦዩ ዳር ሳር ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። «ምነው ልጄ?» ስለው «ጋሼ፣ ውሃ ይወስደዋል» አለኝ። አልዋሸም፣ ወሰደዎት። ከቦዩ ታች ልብስ ይታጠባል፣ ባጃጅ ይታጠባል፣ ጎመንና ቃሪያው ይጠጣል። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ስንል ኖርን፤ እርስዎንም ይዞ ጎጃምን ሲዞር ከረመ። ግድቡ ካለቀ ወዲህ ማደሪያ አግኝቷልና እርስዎም ከደለሉ ጋር አብረው ሊያድሩ ነው።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ባለቤቴ ውሃውን ታፈላለች። ለታይፎይድ ደግ ነገር ነው፤ እርስዎ ግን ውሃው ተንኖ ሲያንስ አያንሱም፣ ድስቱ ውስጥ ጠንከር ብለው ይጠብቁናል። ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን ጨመርን፤ ጀርሙ አለቀ፣ እርስዎን ማስነጠስ እንኳን አልቻለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠልዎ ልክ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፣ የአንድ ግራም መቶ ሺኛ እጅ። እኛ ውሃ የምንለካው በጀሪካን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኛል፤ ከልጆቹ ጋር ያለዎት ፍቅር በዛ። ልጅ ከዋጠው እርሳስ ሰውነቱ የሚያስቀረው ከአዋቂው 4 እስከ 5 እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ፊደል አልገባው ሲል፣ ያየውን ሲረሳ፣ እኛ ሰነፍ ነው ብለን አርጩሜ እንቆርጣለን። እርስዎ ጥግ ይዘው ያያሉ፤ «ተዉት፣ እኔ ነኝ» ብለው አያውቁም።

ስለዚህ መሸኛዎን ይውሰዱ። አሮጌ ባትሪ የሚሰበስብልን አካል እስኪገኝ ድረስ ጋራዡ በርሜል ውስጥ ተከድነው ቢቆዩልን፣ ክዳኑን እኔ እገዛለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአቶ ክሮሚየም፣ ቆዳ በሚለፋበት ሁሉ
ለአቶ ካድሚየም፣ ኩላሊት ውስጥ