ይድረስ ለክቡር አቶ ስላይድ ፓወርፖይንት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ «ስላይዱ ላይ አለ» የተባለውን መልስ በተመለከተ ቅሬታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፦

የከበረ ሰላምታችንን ከመጨረሻው ረድፍ እናቀርባለን። ሰላምታችን ፊት ድረስ ባይደርስ አይቀየሙን፤ የእርስዎም ፊደል እኛ ዘንድ ደርሶ አያውቅም።

ለደብዳቤው መነሻ የሆነን ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ በአንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ የፈጸሙት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። የመጋረጃው ቀለበት ግማሹ የረገፈ፣ ፀሐይ ከረፋዱ ጀምሮ ሸራው ላይ የምትቀመጥበት አዳራሽ ነው ብንል የጅማ ሰው ሁሉ የራሱን መሥሪያ ቤት ያስባል። የዕለቱ ርዕስ የቡና ጥራት ነበር። ከመና፣ ከጎማና ከሊሙ የመጡ አርሶ አደሮች ቀይ ፍሬ ዛፍ ላይ ትተው፣ የለቀማ ቀን አቃጥለው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተቀምጠዋል። እርስዎ የተገኙት አራት ሰዓት ላይ ነው።

የመዘግየትዎ ሰበብ እንደ ወትሮው ገመድ ነበር። የአቅራቢው ላፕቶፕ ያለው ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው፤ ፕሮጀክተሩ የሚያውቀው ቪጂኤን ነው። መቀየሪያዋ ሌላ ቢሮ ተቆልፎባታል፣ ቁልፉን የያዘው ሰው መስክ ወጥቷል። እናም በፍላሽ ተጭነው ወደ አዳራሹ አሮጌ ኮምፒውተር ተዛወሩ። ፍላሹ ቫይረስ ስለነበረበት ፋይሉ ሁሉ «ሾርትከት» ሆኖ ተገኘ፤ እርስዎም ከተሸሸጉበት የወጡት በስንት ልመና ነው።

ሲከፈቱ ርዕስዎ የፈረንጅ ፊደል ከጥያቄ ምልክት ጋር ተደባልቆበት ታየ። አቅራቢው «ቤት እኮ ይሠራ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። በድሮው የግእዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው በላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ መስሎ ይታያል፣ ያልተጫነበት ላይ ጉዱ ይወጣል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ሁሉ በሚጋሩት ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ 7 ኒያላ፣ ዊንዶውስ 10 ኤብሪማ የተባለ ፎንት ይዞ ይመጣል፤ በዩኒኮድ የጻፈ ሰው ውበቱ ቢጎድልበት እንኳ ይነበብለታል። ሌላ ፎንት ያማረው ደግሞ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሴቭ የሚለው ውስጥ ገብቶ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር የምታስቀምጠዋ ሳጥን ላይ ምልክት ያድርግ። ፎንቱ ካልፈቀደም ፍላሹ ላይ አንድ የፒዲኤፍ ቅጂ ጎን ለጎን ይያዝ። በፒዲኤፍ የሚቀረው የፊደሉ ጭፈራ ብቻ ነው፤ እሱ ቢቀር የሚያለቅስ የለም።

ይህን ሁሉ ይቅር ብለን ነበር። ከዚያ ሰንጠረዡ መጣ።

ከኤክሴል እንዳለ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው፤ 14 ረድፍ፣ 9 ዓምድ፣ ባለ 10 ነጥብ ፊደል። የቡና ዝርያ ዝርዝር፦ 74110፣ 74112፣ 74158፣ 74165 እያለ ይወርዳል። እነዚህ ቁጥሮች በእኛ አካባቢ ቀልድ አይደሉም። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ በሽታውን ተቋቁመው ከተገኙ እናት ዛፎች የተመረጡ ናቸው፤ 74 የሚለው የተመረጡበትን 1974ን ይናገራል። 74110ን ከ74112 የምትለየው የመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ነች። ከአምስተኛው የወንበር ረድፍ ወደ ኋላ የጠፋችውም እሷው ነች።

ለምን ጠፋች ብለው እንዳይገረሙ፣ ቁመትዎን እናስታውስዎ። እርስዎ 7.5 ኢንች ነዎት፤ ኢንቹ 72 ነጥብ ስለሆነ በጠቅላላው 540 ነጥብ። ሸራው 1.5 ሜትር ከፍታ ካለው፣ ባለ 10 ነጥብ ፊደል የሚደርሰው 2.8 ሴንቲ ሜትር ቦታ ነው፤ ከላይና ከታች ክፍተቱ ሲቀነስ ራሱ ፊደሉ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። 12 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ይህ ጤናማ ዓይን ከሚለየው የመጨረሻ ወሰን ላይ ነው፤ ያውም መጋረጃው ቢዘጋ፣ ያውም መነጽር ለማያስፈልገው። በ28 ነጥብ ቢጻፍ ኖሮ ቦታው 7.8 ሴንቲ ሜትር ይሆን ነበር። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ጭረት የምታክል ቅጥያ ናት፣ ፊደል ሲያንስ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት። ስለዚህ ለላቲን ይበቃል በተባለው መጠን ላይ ለእኛ ፊደል ሁለት ሦስት ነጥብ መጨመር ቅንጦት አይደለም። ሰንጠረዡስ? አርሶ አደሩ ከሚመርጣቸው ሦስት ዝርያዎች ሌላው ሁሉ ወረቀት ላይ ታትሞ ይታደላል እንጂ ሸራ ላይ አይወጣም።

አቅራቢው ግን የራሱ መፍትሔ ነበረው። «ከኋላ ያላችሁት ላይታያችሁ ይችላል፣ ግን…» አለና አለፈ። ክቡር ሆይ፣ እንደማይታዩ ካወቁ ምን ሊያደርጉ መጡ?

ከሰንጠረዡ በኋላ ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ሸራው እንግሊዝኛ፣ አፉ አማርኛ፣ ከጎን የቆመው አስተርጓሚ አፋን ኦሮሞ። በመካከሉ አንድ ሐጂ እጃቸውን አወጡ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ቀይ ፍሬው ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ውፍረቱ ምን ያህል ይሁን? አቅራቢው ፈገግ ብሎ «ሐጂ፣ ስላይዱ ላይ አለ እኮ!» አላቸው።

ስላይዱ ግን አልፏል። ወደ ኋላ መመለስ ተጀመረ። አንዱ ቀስት ሲጫን ገጽ አይደለም የሚመለሰው፣ እየተሽከረከረ የገባው ፊደል አንድ በአንድ እየተሽከረከረ ይወጣል። (የገጹን ቁጥር ጽፎ ኢንተር መጫን በቀጥታ እንደሚያደርስ የሚያውቅ አቅራቢ ጅማ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ።) ፊደሉ እየተሽከረከረ ሰዓቱ ሄደ፣ የሻይ ቡና ሰዓት ደረሰ፣ አስተባባሪው ፊቱን አጠቆረ። በመጨረሻም «በሶፍት ኮፒ በቴሌግራም እንልክላችኋለን» ተባለ። ሐጂ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። አዳራሹ ሳቀ። ሐጂ ተቀመጡ።

አሁን «እርስዎ» መባባሉ ይቅር። ስማ፣ አንተ ስላይድ! ሰውየው የጠየቁት የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ነው። መልሱ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ጣት አጣምሮ «ከዚህ አይብለጥ፣ በቀን ደጋግማችሁ አገላብጡት፣ ማታ ሸፍኑት» ማለት በቂ ነበር። አሥር ሰከንድ አይፈጅም፣ መብራት አይፈልግም፣ ገመድ አይፈልግም። አቅራቢው መልሱን ያውቀዋል፣ ራሱ ነው የጻፈው። አንተ ባትኖር ኖሮ አፉን ከፍቶ ይናገረው ነበር። አንተ ስላለህ ግን እውቀቱን ላንተ አስረክቦ እሱ ባዶ እጁን ቆመ፤ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ አንተን ማንበብ ሥራው ሆነ። ሽማግሌ የሚሳቅባቸው አላዋቂ ሆነው አይደለም፣ አንተ ስላልታየህ ነው። ውፍረቱን ሳያውቅ የተመለሰ ሰው ፍሬውን አሥር ሴንቲ ሜትር ከምሮ ቢያሻግተው ማን ነው የሚጠየቀው? ገዢው «ቡናው ይሸታል» ብሎ ዋጋ ሲቆርጥበት አንተ የት ትገኛለህ? ፍላሽ ውስጥ!

ይቅርታ። ወደ እርስዎ እንመለስ።

ያን ቀን የሚያስፈልጉት ሦስት ገጾች ነበሩ። አንደኛው፣ ቀይ ፍሬና አረንጓዴ ፍሬ ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ፎቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ሸራውን የሞላ፤ ጽሑፍ አያስፈልገውም፣ አቅራቢው ይናገርበታል። ሁለተኛው፣ አልጋ ላይ በተሰጣ ፍሬ መካከል የገቡ ሁለት ጣቶች። ሦስተኛው፣ በ150 ነጥብ የተጻፈ «12 በመቶ» የሚል ብቻ፤ ደርቆ ከአልጋ የሚነሳ ቡና እርጥበቱ ከዚህ እንዳይበልጥ፣ ከበለጠ መጋዘን ውስጥ እንደሚሻግት መናገር የአፍ ሥራ ነው። ፎቶዎቹ ከስልክ እንዳሉ ከገቡ ፋይሉ ያብጥና አሮጌው ኮምፒውተር ያቃስታል፤ ፎቶው ላይ ጠቅ አድርጎ ምስል መጨመቂያውን በ150 ፒክሰል በኢንች ማስተካከል ይበቃል። ጥያቄ ሲነሳ ደግሞ «ቢ» የምትለዋን ቁልፍ መጫን፦ ሸራው ይጠቁራል፣ ሕዝቡ ሰውየውን ያያል። ደግሞ ሲጫኗት እርስዎ ይመለሳሉ። ለቀናት ባይመለሱም የሚከፋው የለም።

ቀሪውን ቂማችንን በአጭሩ እናቀርባለን፤ አብዛኛውን ያውቁታል።

በዚያ ቀን 84 ገጽ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ቶኪዮ ውስጥ ሁለት አርክቴክቶች 20 ገጽ፣ ለእያንዳንዱ 20 ሰከንድ የሚል ሕግ አውጥተው ነገር ሁሉ በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ እንዲያልቅ አድርገዋል። በእነሱ ሂሳብ እርስዎም ቢሆኑ በ28 ደቂቃ ያልቁ ነበር። እኛ ምሳ አለፈን።

ሲያነቡልን ደግሞ። ዓይን ከአፍ ይፈጥናል፤ አቅራቢው ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሳለ እኛ ስድስተኛውን ጨርሰን ጣሪያ እናያለን። ጽሑፉ ከንግግሩ ከተለየ ደግሞ ሰው ሁለቱን እኩል አይከታተልም፣ አንዱን ይጥላል። የሚጥለው ሁሌም ንግግሩን ነው።

ቀይ ፍሬ ፎቶ ላይ ቢጫ ፊደል። ማን እንደመከረዎት አናውቅም፤ መጋረጃ በሌለበት አዳራሽ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል ብቻ ነው ፀሐይን የሚቋቋመው።

በአራቱም ማዕዘን የአጋር ድርጅቶች ዓርማ። ከጽሑፉ ይልቅ የሚነበበው እሱ ነው።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ፕሮጀክተሩ ይሞታል። አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ስለጠፋ መብራት ቢመለስም ወዲያው አይነሳም፣ ደቂቃዎች ይፈልጋል። በእነዚያ ደቂቃዎች አቅራቢው ቃል አይወጣውም፤ «እስኪበራ ትንሽ እንጠብቅ» ይላል። ዝናብ ሲጨመርበት፣ ጅማ ነውና ይጨመርበታል፣ ቆርቆሮው ድምፁን ይውጠዋል። አንድ ገጽ የታተመ ማስታወሻ ኪሱ ውስጥ ያለው ሰው ወደ መካከል ወርዶ ይቀጥል ነበር፤ የሌለው እርስዎን ይጠብቃል።

አቴንዳንሱ የሚዞረው አንዷ ጠቃሚ ገጽ ስትመጣ ነው። በእርስዎ ላይ ባናሳብብም ተመካክራችሁ ይመስለናል።

መጨረሻ ላይ «አመሰግናለሁ» ከጽጌረዳ ጋር። ስለ ጽጌረዳዋ ምንም አንልም።

አገርዎ ጅማ እንዳልሆነ፣ ጥፋቱም የጅማ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። እነ ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲያወጡዎት ጥቁርና ነጭ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛዎት። ኮሎምቢያ የተባለችው መንኩራኩር እ.ኤ.አ. በ2003 ከነሰባት ጠፈርተኞቿ ስትጠፋ፣ የአደጋው መርማሪ ቦርድ ናሳ ውስጥ በቴክኒክ ሪፖርት ፋንታ እርስዎን መደርደር ልማድ መሆኑን ነቅፎ ጽፏል። ናሳን ካሸነፉ እኛን ምን ይቸግርዎታል። ግን ደግሞ፣ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ተቀምጠው ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ሲያስተዳድሩ አንድ ገጽ አላሳዩም፤ ነገሩ ያለ እርስዎም ይቻላል ማለት ነው።

ስለዚህ የሚከተሉት እንዲፈጸሙልን በትሕትና እንጠይቃለን። አቅራቢው ስብሰባው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይምጣና እርስዎን ከፍቶ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ማንበብ ያልቻለውን ገጽ ይሰርዝ፣ አያሳንስ፣ አያብራራ፣ ይሰርዝ። መቀየሪያዋ ገመድ ቋሚ አድራሻዋ ፕሮጀክተሩ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ለሐጂ መልሱ በቴሌግራም ሳይሆን በሰው ይላክላቸው፤ ወደ መና የሚሄድ ሚኒባስ አይጠፋም።

ከሰላምታ ጋር
የመጨረሻው ረድፍ ተቀማጮች፣ ጅማ

ግልባጭ፦
ለኤክስቴንሽን ገመድ (መካከለኛው ሶኬት ሲሠራ)
«ኔክስት» ሲባል ለሚጫነው ልጅ
ለፕሮጀክተር (ሲቀዘቅዝ)